በቃል ያለ ይረሳልን?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። አባባሉ ያማረ ነው፤ ቤት ይመታል፤ መጽሐፍ የሚወድን ሰው ሁሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ይህን አባባል ከየትኛው መጽሐፍ ነው ያነበብነው? አብዛኞቻችን ከወላጅ ወይም ከመምህር አፍ ሰምተን ነው የያዝነው። ቃል እንደሚረሳ የነገረን ያልተረሳ ቃል ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን አባባሉን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። በእርሱ ሚዛን እየመዘንን ስለምናቀልለው አንድ የምዕራብ አፍሪካ ምድር፣ ስለ ማንዴ አገርና ስለ ጥንታዊው የማሊ መንግሥት ለመሟገት ነው።

በእኛ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዘንድ አንድ የተለመደ ኩራት አለ። «በአፍሪካ የራሳችን ፊደል ያለን እኛ ብቻ ነን፤ ሌላው ታሪኩን በአፍ ሲያወራ ነው የኖረው» ይባላል። በፊደላችን መኩራት ተገቢ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ሁለተኛው ሐረግ ግን ከማን ሚዛን እንደ ተወሰደ እንወቅ። እንግሊዛዊው የታሪክ ፕሮፌሰር ሂዩ ትሬቨር ሮፐር በ1963 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአፍሪካ ያለው ታሪክ የአውሮፓውያን ታሪክ ብቻ እንደ ሆነ፣ የቀረው ግን ጨለማ እንደ ሆነ አስተምሮ ነበር። እኛ ራሳችንን ከዚያ ጨለማ ለይተን፣ ወንድሞቻችንን እዚያው ትተን ስንወጣ ፈራጁን አልተቃወምነውም። ፍርዱን ተቀብለን ለራሳችን ብቻ ምሕረት ለመንን እንጂ።

ሌላው ወገን የማሊ ወዳጅ ነው። እርሱ ደግሞ ይህን ክስ በሰማ ቁጥር ወደ ቲምቡክቱ ይሮጣል። በ1556 ተወልዶ በ1627 የሞተውን ታላቁን ሊቅ አሕመድ ባባን ይጠራል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አል ሰዕዲ የጻፈውን «ታሪኽ አል ሱዳን» ይጠቅሳል። በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ አብዱል ቃድር ሃይደራና ባልደረቦቹ ጥንታዊ ጽሑፎችን በሣጥን አሽገው በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ እንዳሸሹ፣ ታጣቂዎቹም በጥር 2013 ከተማዋን ለቀው ሲሸሹ በአሕመድ ባባ ተቋም የነበሩ ጽሑፎችን እንዳቃጠሉ ይተርካል። ሁሉም እውነት ነው። ይህን ተጋድሎ የማያደንቅ የመጽሐፍ ወዳጅ አይገኝም። የእኔ ጠብ «ማሊ ታሪክ አላት፤ ምክንያቱም መጽሐፍ አላት» ከሚለው አነጋገር ጋር ነው። ይህች «ምክንያቱም» ትሬቨር ሮፐር የሠራት ወጥመድ ናት። ዐረብኛ ሳያነብ የኖረው የማንዲንካ ገበሬ፣ የፉላኒ ከብት አርቢ፣ በኒጀር ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ቦዞ፣ በባንዲያጋራ ገደል ሥር መንደሩን የሠራው ዶጎን ታሪክ አልነበራቸውም ልንል ነውን?

ነበራቸው። በማንዴ ምድር የታሪኩ ጠባቂ ጄሊ ይባላል፤ ፈረንሳዮች «ግሪዮ» የሚሉት ነው። ጄሊ የጊዜ ማሳለፊያ ተረት አውሪ አይደለም። ሙያው በዘር የሚወረስ ነው፤ ኩያቴና ዲያባቴ የተባሉት ቤተሰቦች በዚህ ይታወቃሉ። ልጁ በአባቱ እግር ሥር ለዓመታት ተቀምጦ የትውልድ ሐረግን፣ የጦርነትንና የዕርቅን ቃል ያጠናል፤ ኮራ፣ ንጎኒ ወይም ባላፎን ይዞ ያዜማል፤ የተጣላ ሲኖር ይሸመግላል። መንቀሳቀስ የተሳነው ሕፃን ሱንጃታ ኬይታ እንዴት እንደ ተነሣ፣ ከእናቱ ከሶጎሎን ጋር እንዴት እንደ ተሰደደ፣ በ1235 ገደማ በኪሪና ጦርነት የሶሶውን ንጉሥ ሱማንጉሩ ካንቴን ድል ነሥቶ ማሊን እንዴት እንዳቆመ እስከ ዛሬ የሚተረከው በእነዚህ ሰዎች አፍ ነው። በጊኒ፣ በኒያጋሶላ መንደር፣ የሱማንጉሩ ነበር የሚባል ባላፎን በአንድ የጄሊ ቤተሰብ እጅ ይጠበቃል። በማሊም በካንጋባ «ካማብሎን» የተባለው የተከበረ ቤት የሣር ክዳኑ በየሰባት ዓመቱ ሲታደስ የኬላ መንደር ዲያባቴዎች የማንዴን ታሪክ ይተርካሉ። ቤተ መዛግብት ማለት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?

ለወረቀት ብቻ የሚያምን ሰው ካለ ወረቀት ላቅርብለት። ኢብን ባቱታ በ1352 እና በ1353 ማሊን ጎብኝቶ በማንሳ ሱለይማን አደባባይ ያየውን ጽፏል። ባለቅኔዎቹ የላባ ልብስ ለብሰው፣ ቀይ መንቁር ያለው የወፍ ራስ ደፍተው በንጉሡ ፊት ይቆማሉ። በዚህ ዙፋን ላይ እነ እገሌ ተቀምጠው ይህን መልካም ሥራ ሠሩ፤ አንተም ከአንተ በኋላ የሚወራልህን ሥራ እያሉ ያሳስቡታል። መንገደኛው በአለባበሳቸው ሳቀ፤ ልማዱ ከእስልምና በፊት የነበረ መሆኑን እንደ ነገሩት ግን መዘገበ። ታላቁ ኢብን ኻልዱንም የማሊን ነገሥታት ተራ በመጽሐፉ ሲያሰፍር ከዚያ አገር ከመጡ ሰዎች በቃል ጠይቆ ነው። ዛሬ «የተጻፈ ማስረጃ» ብለን የምንመካበት ዝርዝር ትናንት ከሰው አፍ የወጣ ድምፅ ነበር።

«ቃል ይለወጣል፤ ጄሊም ላበላው ጌታ ያደላል» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነቱን ነው። የአንዱ መንደር ጄሊ የሚተርከው ከሌላው መንደር ይለያል፤ የደጋፊውን አያት ከፍ የማድረግ ፈተናም አለበት። ወረቀትስ ከዚህ ነፃ ነውን? «ታሪኽ አል ፈታሽ» የተባለው ዝነኛ የቲምቡክቱ ዜና መዋዕል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለማሲናው ገዥ ለአሕመድ ሎቦ ሥልጣን እንዲመች ተደርጎ እንደ ተለወጠ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ቀለምም ለጌታ ያድራል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ይመርመሩ፤ ሁለቱም ይመዘኑ። አንዱን ምስክር አስምሎ ሌላውን ከችሎት ማባረር ግን ፍርድ አይደለም።

የባንዲያጋራው ተወላጅ አማዱ ሃምፓቴ ባ በ1960 በዩኔስኮ ስብሰባ ላይ የአንድ ሽማግሌን ሞት ከቤተ መጻሕፍት ቃጠሎ ጋር አመሳስሎ ተናገረ። ንግግሩ ዓለምን ዞረ። እኔ ግን ዓለም ለምን እንደ ወደደው እጠረጥራለሁ፤ ሽማግሌው ክቡር የሆነው መጽሐፍ ሲመስል ነውና። በዚያው ዓመት ጅብሪል ታምሲር ኒያኔ የሱንጃታን ታሪክ በፈረንሳይኛ አሳተመ። አንባቢ የኒያኔን ስም ይጠራል፤ ታሪኩን የተረከለትን ጄሊ ማማዱ ኩያቴን የሚያስታውሰው ስንቱ ነው? የሆሜር ግጥሞች ከመጻፋቸው በፊት በአፍ ይዜሙ እንደ ነበር እያወቅን «ሥነ ጽሑፍ» ብለን እንሰግድላቸዋለን፤ ሱንጃታን ግን «አፈ ታሪክ» ብለን እናልፈዋለን። በዚህ ረገድ የእኛ ኃጢአት የከፋ ነው፤ ያለ ቀለምና ያለ ብራና ቅኔ የሚዘርፍ ተማሪ እያለን የቃልን ክብር አናውቅም ማለት አንችልምና።

ለኩራታችንም አንድ እርማት ልጨምር። በላይቤሪያ የቫይ ሕዝብ የራሱን ፊደል ያገኘው በ1830ዎቹ ነው። በ1949 ደግሞ ጊኒያዊው ሰለማና ካንቴ፣ የአፍሪካ ቋንቋዎች ሊጻፉ አይችሉም የሚለው ንቀት አንገብግቦት፣ ለማንዴ ቋንቋዎች ፊደል ቀረጸ። ፊደሉን «ንኮ» አለው፤ ትርጉሙ «እኔ እላለሁ» ማለት ነው። ጽሕፈትን በንግግር ስም ጠራው፤ ብዕር የአንደበት ልጅ እንደ ሆነ ያውቅ ነበርና።

በቃል ያለ የሚረሳው ሰሚ ሲያጣ ነው። አንባቢ ያጣ መጽሐፍም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። የማንዴ ሰዎች ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ ሰሚ ሆነው ኖረዋል፤ እኛ ደግሞ ከመፍረዳችን በፊት እንስማ።