ያልሞተችው ንብ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የመስኖ ሽንኩርት ላይ ትሪፕስ ሲወርድ ገበሬው መርጫውን ያዝላል። አይፈረድበትም፤ ማሳው ከጠፋ ዕዳውን የሚከፍልለት የለም። ስህተቱ ያለው ጉዳቱ በሚቆጠርበት መንገድ ላይ ነው። ቀፎ ሥር የወደቁ ንቦች ከታዩ «ኬሚካል ፈጃቸው» ይባላል። ካልታዩ ጉዳዩ ይዘጋል። ያልሞተች ንብ ሁሉ ግን ደኅና ናት ማለት አይደለም።

ንብ የምትኖረው በትውስታዋ ነው። አንድ ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች ባሉት አንጎሏ የአበባውን ሽታ፣ ቀለሙንና የቀፎዋን መንገድ ትማራለች። መማር በሴል ደረጃ ምን እንደሆነ ኤሪክ ካንዴል በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቤል ተሸልሟል፦ የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበት ቦታ ሲጠነክር ወይም ሲላላ ነው። በንብ አንጎል ውስጥ ከዋነኞቹ መልእክት አስተላላፊዎች አንዱ አሴቲልኮሊን ነው።

እነ ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ማለትም ኒዮኒኮቲኖይዶች፣ የሚገቡት በአሴቲልኮሊን በር ነው። ስማቸው «አዲስ ኒኮቲን» እንደማለት ነው፤ የትንባሆ እርሻ ለሚያውቀው ሮቢት እንግዳ አይደለም። በፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ የማይገድል መጠን ያለው ቲያሜቶክሳም ከቀመሱ ንቦች ብዙዎቹ ወደ ቀፎ ሳይመለሱ ቀርተዋል። ሬሳ የለም፣ ምስክርም የለም፤ ቀፎው ብቻ ይሳሳል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ሦስቱን ኒዮኒኮቲኖይዶች ከሜዳ እርሻ አግዷል። እዚህም ይታገድ ማለት ቀላል ነው፤ ለገበሬው ምትክ ሳያቀርቡ ማገድ ግን ፍትሕ አይሆንም። አገሪቱ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እና የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 አሏት። የጎደለው አዋጁን ቀበሌ ድረስ የሚያወርደው ሰው ነው።

የልማት ሠራተኛው ሦስት ነገር ማስለመድ ይችላል፦ አበባ ላይ ያለ ማሳ እንዳይረጭ፣ ርጭቱ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ እንዲሆን፣ ጎረቤት ንብ አናቢም ከአንድ ቀን በፊት እንዲነገረው። ኒዮኒኮቲኖይድ ግን በተክሉ ውስጥ ዘልቆ እስከ አበባው ስለሚደርስ፣ ለዘር በተተወ ሽንኩርት ላይ ጭራሽ ባይነካ ይሻላል። ያ ሽንኩርት በቂ ዘር እንዲሰጥ ንብን የመሰሉ ነፍሳት ያስፈልጉታል። መንገዷ የጠፋባት ንብ የአናቢው ኪሳራ ብቻ አይደለችም፤ የሽንኩርት አምራቹም ናት።