ሕግ ለምትማሩ ልጆቼ፦ የኪሳራ ጠበቃም ያስፈልገናል

ሕግ የገባችሁ ተማሪዎቼ ስትጽፉልኝ ግማሻችሁ ዳኛ፣ ግማሻችሁ ዐቃቤ ሕግ መሆን ትፈልጋላችሁ። አሪፍ ነው። ግን «የከሰረ ድርጅት ጉዳይ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ያለኝ አንድም ሰው የለም። እኔ ደግሞ ለወለጋ በጣም ከሚያስፈልጉን ጠበቆች አንዱ እሱ ነው ባይ ነኝ።

ለምን? ነቀምቴን አስቡ። ባለፉት ዓመታት የጸጥታው ችግርና የመንገዱ መዘጋት ስንቱን ነጋዴ ጎዳ? ቡናው በጊዜው አይወጣም፣ ዕቃው በጊዜው አይገባም፤ የባንክ ወለድ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆምም። ሰውየው አልሰነፈም፣ አላጭበረበረም፤ ዕዳ ከሜዳ ነው የሆነበት። ወሬው ሲሰማ ደግሞ አበዳሪው ሁሉ ይሮጣል። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ነው ነገሩ። ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል፣ ደመወዙን የሚጠብቀው ሠራተኛ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ነጋዴውም አፍሮ አገር ይለቃል።

የኪሳራ ሕግ የተሠራው ይህን ሩጫ ለማስቆም ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ስለ ኪሳራ ይደነግግ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ ሕግ ግን ሰፋ አድርጎታል፤ ገና መክፈል ሳያቆም የጨነቀው ነጋዴ ከአበዳሪዎቹ ጋር በፍርድ ቤት በኩል ዕዳውን የሚያስተካክልበት መንገድ ከፍቷል። መዳን የሚችል ድርጅት መልሶ ይደራጃል፤ የማይችለው ተሸጦ በሕጉ ተራ ይከፋፈላል። አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ሞተርስን የሚያህል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ኪሳራ ፍርድ ቤት ገብቶ በ40 ቀን ገደማ ተደራጅቶ ወጥቷል፤ የመንግሥት ገንዘብም ታክሎበት ነው። እኛ ጋ ሞጆ ላይ «አባይ» እና «ተከዜ» የሚባሉ መኪኖችን ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር ግን ከስሮ በዚያው ቀረ።

«ሥራው የታለ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ዛሬ ብዙ የለም። አንዱ ምክንያት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በውሉ ከተስማማ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ መቻሉ ይመስለኛል። ባንኩ የሚያስቀምጠው የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ ብድሩን ማስመለሱን አልቃወምም። ግን ሐራጅ ቤት ይሸጣል እንጂ ሥራ አያድንም። መጋዘኑ ሲሸጥ አሥር ሠራተኛ አብሮ ይበተናል። ከሐራጁ በፊት «ቁጭ ብለን ሒሳቡን እንየው» የሚል ባለሙያ ቢኖር አንዳንዱ ይተርፍ ነበር።

ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጃርሱማን የምታውቁ ልጆች ናችሁ፤ ሽማግሌ የተጣላውን አስቀምጦ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እንዲለቅ ያደርጋል። የኪሳራ ጠበቃም ባንኩን፣ ግብር ሰብሳቢውን፣ ሠራተኛውንና ባለዕዳውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ልዩነቱ የሒሳብ መዝገብ ማንበብ አለበት፣ የተስማሙበትንም ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ከሕጉ ጎን አካውንቲንግ ተማሩ፣ ከቁጥር አትሽሹ። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተደራጅተው ድርጅት ማቋቋም ስለተፈቀደላቸው ብቻችሁን አትሆኑም። ስትመረቁም ሁላችሁም አዲስ አበባ አትቅሩ፤ ቢያንስ አንዳችሁ ነቀምቴ ቢሮ ክፈቱ። ነጋዴው ቤቱ ሐራጅ ከመውጣቱ በፊት የሚያንኳኳው በር ይኑረው።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንከራከር።