ክኒኑ አንድ ቢሆንም ኩላሊቱ ይለያያል

በብዙ ቤት የተለመደ ነገር አለ። ለአንዱ ታዞ የተረፈ መድኃኒት ይቀመጥና ሌላው የቤተሰብ አባል ሲታመም፣ «ይህን ውሰድ፣ እኔን አሽሎኛል» ይባላል። ይህ ልማድ ለማንም አይበጅም፤ ዕድሜያቸው ለገፋ እናቶቻችን ደግሞ የባሰ አደገኛ ነው።

ከምንወስዳቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት አማካይነት ነው። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚህም የተነሣ ሌላውን ያዳነው መጠን ለደካማው መርዝ ይሆናል። ለምሳሌ ጄንታማይሲን የተባለው መርፌ ከልክ ካለፈ ጆሮንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚንም ኩላሊት የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ አይታዘዝም።

ታዲያ ይህ አቅም እንዴት ይታወቃል? በደም ምርመራ ክሪያቲኒን ይለካል፤ ይኸውም ከጡንቻ የሚመነጭና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። ጡንቻቸው የሳሳ አረጋዊት የሚያመነጩት ጥቂት ስለሆነ፣ ኩላሊታቸው ደክሞም ውጤቱ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜና ክብደትም ይታሰባሉ። ኮክሮፍትና ጎልት የተባሉ ሁለት የካናዳ ሐኪሞች በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት ከ140 ላይ ዕድሜ ይቀነሳል፤ ቀሪው በክብደት ይባዛል፤ የተገኘው ደግሞ ክሪያቲኒን በ72 ተባዝቶ በሚሰጠው ቁጥር ይካፈላል። ለሴት ውጤቱ በ0.85 ይባዛል።

የሁለቱም ክሪያቲኒን በዴሲ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የሆነ እናትና ልጅ እንውሰድ። ልጂቱ 35 ዓመቷ፣ ክብደቷም 60 ኪሎ ቢሆን አቅሟ በደቂቃ 74 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። እናቲቱ 80 ዓመታቸው፣ ክብደታቸውም 48 ኪሎ ቢሆን አቅማቸው 34 ብቻ ነው። ምርመራው እኩል ያላቸው እናትና ልጅ ከእጥፍ በላይ ይለያያሉ ማለት ነው!

ስሌቱ ግምት ነው፤ መጠኑን መወሰንም የሐኪምና የመድኃኒት ባለሙያ ድርሻ ነው። የእኛስ? እናታችንን ወደ ሐኪም ቤት ስንወስድ ክብደታቸው መለካቱን እናረጋግጥ፤ ዕድሜያቸውን በትክክል እንናገር፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘን እንቅረብ። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች የደከመ ኩላሊትን ስለሚጎዱ ሳንጠይቅ አንግዛላቸው። የታዘዘላቸውንም በራሳችን አናቋርጥ፤ ይልቁንስ «ይህ መጠን ለኩላሊታቸው ይስማማል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ መብታችን ነው።