በድምፅ መሣሪያ ውስጥ የሚሰማው ጉምጉምታ፤ ምክንያቱና መድኃኒቱ

በዐቢይ ጾም ወራት በብዙ ክርስቲያን ቤት የበገና መዝሙር ይሰማል። በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ ድምፁም ዝግ ያለና ወፍራም መሣሪያ ነው። አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ፣ እያንዳንዱ አውታር በተመታ ጊዜ እዝዝ የሚል ንዝረት ያሰማል፤ ይህም ንዝረት የመሣሪያው ጌጥ ነው። ነገር ግን መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ከስፒከሩ እምም የሚል የማያቋርጥ ጉምጉምታ የሚሰማ እንደ ሆነ፣ እርሱ የበገናው ሳይሆን የኤሌክትሪኩ ድምፅ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጉምጉምታው ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወገድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርሱን ለማጥፋት ሲባል ፈጽሞ መደረግ የማይገባውን ነገር እንገልጻለን።

በኢትዮጵያ ወደየቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፣ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ምልልስ ወደ ድምፁ መንገድ ሾልኮ የገባ እንደ ሆነ ጆሯችን ወፍራም ጉምጉምታ ይሰማል። አምፕሊፋየሩ ተመላላሹን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያቀናው ደግሞ ቁጥሩ በእጥፍ 100 ይሆናል፤ ድምፁም ሻከር ይላል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአገሩ ኤሌክትሪክ ጠባይ ምክንያት የሚሰሙት የ60 እና የ120 ምልልስ ነው፤ የፍለጋው ሥርዓት ግን አንድ ነው።

አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ። እኛም ከሥሩ እንጀምር። በመጀመሪያ የድምፁን መቈጣጠሪያ ፈጽሞ ዝቅ ማድረግ ነው። ድምፁ ዝቅ ብሎም ጉምጉምታው እንዳለ ከቀረ፣ ጥፋቱ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ኤሌክትሪኩን የሚያጣሩት ካፓሲተሮች በእርጅና መድከማቸውን ያመለክታል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ የሚጐዳ ኀይል ተጠራቅሞ ሊቈይ ይችላል። ጉምጉምታው የሚሰማው ከስፒከሩ ሳይሆን ከሣጥኑ ከራሱ የሆነ እንደ ሆነ፣ ትራንስፎርመሩ እየተንቀጠቀጠ ነው ማለት ነው።

ድምፁ ዝቅ ሲል ጉምጉምታው አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከውጭ የሚገባ ነው። እንግዲህ ድምፁን ዝቅ እያደረጉ፣ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡትን ገመዶች አንድ በአንድ መንቀልና እንደገና ማዳመጥ ይገባል። የአንዱ መነቀል ጉምጉምታውን ካጠፋው፣ ምንጩ ተገኘ። ገመዱ ሲነካ ወይም ሲወዛወዝ ድምፁ የሚለዋወጥ ቢሆን፣ በውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሶ ይሆናልና በደኅና ገመድ መለወጥ ነው። ላፕቶፕ የተገናኘ እንደ ሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ለጥቂት ጊዜ መንቀል ነው፤ ጉምጉምታው በዚያው ከጠፋ የመጣው በቻርጀሩ በኩል ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገርበት ግን ዙር የሚሠራው የመሬት ሽቦ ነው። ቴሌቪዥኑ በአንድ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ በሌላ ሶኬት ከመሬት ጋር ሲገናኙና የድምፅ ገመድ ደግሞ ሁለቱን ሲያያይዛቸው፣ በመካከላቸው ክብ መንገድ ይፈጠራል። በዚያ መንገድ የሚዞረው ጥቂት ኤሌክትሪክ ከመዝሙሩ ጋር ተደባልቆ ይሰማል። ከጣራ የሚወርደው የዲሽ ገመድም እንዲሁ ዙር ሊያበጅ ይችላል፤ ገመዱ ከሪሲቨሩ ሲፈታ ጉምጉምታው ከጠፋ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ የግድግዳ ሶኬት በሚወጣ የመሬት ሽቦ ባለው ማከፋፈያ መሰካት፤ ነገር ግን ምድጃና የልብስ መተኰሻ በዚያው ላይ አለመጨመር። የድምፁን ገመድ ከኤሌክትሪኩ ገመድ ማራቅ፤ መሻገር ግድ ቢሆን መስቀለኛ አድርጎ ማሻገር። ይህም ካልበቃ፣ ድምፁን አሳልፎ የሽቦውን ግንኙነት የሚያቋርጥ ትንሽ ትራንስፎርመር በድምፁ ገመድ መካከል ማስገባት። ቴሌቪዥኑና አምፕሊፋየሩ የኦፕቲካል ገመድ ማስገቢያ ያላቸው ከሆነም በእርሱ ማገናኘት ይሻላል፤ በዚያ ገመድ የሚያልፈው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለምና።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያችን ደርሰናል። አንዳንድ ሰዎች የመሬቱን ሽቦ ቢቈርጡት፣ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ ባለው ማገናኛ ቢሰኩት ጉምጉምታው ጸጥ ስለሚል፣ መፍትሔ ያገኙ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በመሣሪያው ውስጥ አንድ ሽቦ ወልቆ የብረቱን ሣጥን ቢነካ፣ የመሬቱ ሽቦ ኤሌክትሪኩን ወደ ምድር ይወስደዋል፤ ፊውዙ ወይም ብሬከሩም ወዲያው ያቋርጠዋል። የመሬቱ ሽቦ ከተቈረጠ ግን ሣጥኑ 220 ቮልት ተሸክሞ፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ፣ የሚነካውን እጅ ይጠብቃል። ያ እጅ መዝሙር ሊከፍት የመጣ ሕፃን እጅ፣ ወይም በባዶ እግሯ ርጥብ ወለል ላይ ቆማ አቧራ የምትጠርግ እናት እጅ ሊሆን ይችላል። ጉምጉምታ ጆሮን ያስቸግራል እንጂ ሰው አይገድልም፤ የተቈረጠ የመሬት ሽቦ ግን ይገድላል።

ስለዚህ የቤት አባወራና እማወራ ዛሬውኑ የመሰኪያዎቻቸውን ጥርስ ይመልከቱ፤ የተቈረጠ ቢገኝ መሣሪያው እስኪጠገን ድረስ አይሰካ። ሣጥኑ ሲነካ የሚነዝር ከሆነም ጉምጉምታውን መፈለግ ትቶ፣ የቤቱን ኤሌክትሪክ ከማብሪያው ላይ አጥፍቶ መሣሪያውን መንቀልና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥራት ያስፈልጋል። የቤቱ ሶኬት ከመጀመሪያውም የመሬት ሽቦ የሌለው ቢሆን፣ ከአዲስ ስፒከር ግዢ በፊት ለእርሱ ማሠሪያ ገንዘብ ማውጣት ይቀድማል። ልጆችም ምክንያቱን ቢማሩ መልካም ነው፤ ነገ የራሳቸውን ቤት የሚያቀኑ እነርሱ ናቸውና።

በሚመጣው ወር እስክንገናኝ ድረስ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።