የውኃ ምርመራ ውጤት የማን ንብረት ነው?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ብሂሉ የተነገረው ሕመሙን ሸሽጎ ራሱን ስለሚጎዳ ሰው ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የምሻው ግን አንዱ የደበቀውን በሽታ ሌላው የሚታመምበትን ጉዳይ ነው፤ የመጠጥ ውኃ ምርመራን።

ይህ ርእስ ለመሐንዲሶችና ለኬሚስቶች ቢተው ይሻላል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኔ ግን አንድ መንግሥት ለዜጎቹ ያለውን አክብሮት የምመዝንበት መሣሪያ ምረጥ ብባል፣ ከምርጫ ሣጥን ቀጥዬ የማነሣው የውኃ ናሙና የሚቀዳበትን ጠርሙስ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዳቦ ሲያንስ በዓይናችን እናያለን፤ መብራት ሲጠፋ ማንም ሊያስተባብለን አይችልም። ውኃ ግን እንዲህ አይደለም። ጠርቶና ቀዝቅዞ በብርጭቆ ሲቀርብ ዓይንም ምላስም ይመሰክሩለታል። ሰገራ የነካው ውኃ ኩልል ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ፍሎራይድ፣ አርሴኒክና እርሳስም ጤና በሚጎዱበት መጠን ቀለምም ሽታም አይኖራቸውም። ስለዚህ ውኃችን መበከሉን የምናውቀው የመረመረው ሰው ከነገረን ብቻ ነው። ዜጋው በራሱ ሊደርስበት የማይችለውን እውነት በእጁ የያዘ ባለሥልጣን ደግሞ ከፍተኛ ሥልጣን ይዟል።

ምርመራው ራሱ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ጥበብ አይደለም። ናሙና ቀጂው የቧንቧውን አፍ በእሳት ወይም በአልኮል ያጸዳል፤ በውኃው ውስጥ ያለውን ክሎሪን የሚያመክን ኬሚካል በተጨመረበትና ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ይቀዳል፤ በበረዶ ሣጥን ይዞ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ለላቦራቶሪ ያደርሳል። ባለሙያው 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በስስ ማጣሪያ ያሳልፋል፤ ማጣሪያውንም ባክቴሪያ በሚያድግበት ምግብ ላይ አኑሮ በ44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አንድ ቀን ያህል ያቆየዋል። በማግስቱ በማጣሪያው ላይ የበቀሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራል። ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ መኖሪያው የሰውና የእንስሳት አንጀት ስለሆነ፣ በውኃ ውስጥ መገኘቱ ውኃው ከሰገራ ጋር መገናኘቱን ያሳብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንድም ኢ ኮላይ ሊገኝ አይገባም ይላል።

ይህን ሥራ ተማሪዎቼ በጥቂት ሳምንታት ይለምዱታል። አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ነጠብጣቡ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ለመሆኑ ቁጥሩ ለማን ይነገራል? በስንት ሰዓት ውስጥ? የሚናገረው ሰውስ ከሥራው እንዳይባረር ማን ዋስ ይሆነዋል? እነዚህን ጥያቄዎች የትኛውም የኬሚስትሪ መጽሐፍ አይመልሳቸውም፤ የሚመልሳቸው የሕግና የፖለቲካ ሥርዓት ነው።

ይህን በሚገባ የሚያስረዳ ታሪክ ካናዳ ውስጥ ተፈጽሟል። ዎከርተን በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የምትገኝ፣ አምስት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የሚኖሩባት የገበሬዎች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ በሜይ 2000 ከባድ ዝናብ ጣለና ከእርሻ ላይ የከብት ፍግ አጥቦ ወደ አንዱ የከተማዋ የውኃ ጉድጓድ አስገባ። ሜይ 15 የተቀዳው ናሙና ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ተላከ። ላቦራቶሪውም ሥራውን በአግባቡ ሠርቶ ሜይ 17 ኢ ኮላይ መገኘቱን ለከተማዋ የውኃ ድርጅት አስታወቀ። ለጤና ኃላፊው ግን አላስታወቀም፤ እንዲያስታውቅ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረምና። መንግሥት እ.ኤ.አ በ1996 የራሱን ላቦራቶሪዎች ከዚህ አገልግሎት አስወጥቶ ሥራውን ለግል ድርጅቶች ሲተው፣ መጥፎ ውጤት ለማን መነገር እንዳለበት በሕግ ማሰርን ዘንግቶ ነበር።

የውኃ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወረቀቱን ይዞ ዝም አለ። በቀጣዮቹ ቀናት ሕፃናት ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዟቸው ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። የጤና ቢሮው ደውሎ ስለ ውኃው ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ውኃው ደህና ነው ብሎ መለሰ። ነዋሪው ውኃ አፍልቶ እንዲጠጣ የጤና ኃላፊው ያወጁት ሜይ 21 ነው፤ ያንንም ያደረጉት ከውኃ ድርጅቱ ተነግሯቸው ሳይሆን በራሳቸው ጥርጣሬ ነበር። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ 2300 ያህል ታመሙ። ጉዳዩን ያጣሩት ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር እ.ኤ.አ በ2002 ባወጡት ሪፖርት፣ ውጤቱ ለጤና ቢሮው በጊዜው ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ከ300 እስከ 400 የሚሆኑ ሰዎች ከሕመሙ ይተርፉ እንደነበር ደምድመዋል። የድርጅቱ ሠራተኞች ለዓመታት የክሎሪኑን መጠን ሳይለኩ እንደለኩ አድርገው በመዝገብ ይጽፉ እንደነበርም ተረጋገጠ።

ከዚህ ሪፖርት ይበልጥ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። የውኃ ድርጅቱ ኃላፊዎች ያንኑ ክሎሪን ያልነካውን የጉድጓድ ውኃ ራሳቸውም ይጠጡት ነበር፤ ንጹሕ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንግዲህ አደጋው የመጣው ከክፉ ሰው አይደለም፤ ራሱ አቅራቢ፣ ራሱ መርማሪ፣ ራሱ መዝጋቢ፣ ራሱም ምስክር የሆነን ድርጅት ከሚታገሥ ሥርዓት ነው። ኦንታሪዮ ከሐዘኑ በኋላ ሕጓን ለወጠች። ዛሬ እዚያ መጥፎ ውጤት ያገኘ ላቦራቶሪ ለአቅራቢው ብቻ ሳይሆን ለጤና ኃላፊውም ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ውጤትን መደበቅ አንዱ መንገድ ነው፤ ሌላው ደግሞ ናሙናውን መምረጥ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት የምትገኘው ፍሊንት፣ ብዙ ጥቁሮችና ድሆች የሚኖሩባት ከተማ፣ እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2014 ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የውኃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች። የወንዙ ውኃ የቧንቧዎቹን እርሳስ እያሟሟ ወደ ቤት ያስገባ ጀመር። በ2015 ከተሰበሰቡት 71 ናሙናዎች ውስጥ ከፍተኛ እርሳስ የተገኘባቸው ሁለቱ ከስሌቱ እንዲወጡ ተደረገ፤ በዚህም የከተማዋ ውጤት በሕግ እርምጃ ከሚያስወስደው ወሰን፣ ማለትም በሊትር 15 ማይክሮ ግራም፣ በታች ሆኖ ተመዘገበ። ነዋሪዎች ናሙና ከመቅዳታቸው በፊት ባለው ምሽት ቧንቧውን ከፍተው እንዲያፈስሱም ይነገራቸው ነበር፤ ይህም እርሳሱን አስቀድሞ ያጥበዋል። እውነቱ የወጣው ነዋሪዎች ራሳቸው ናሙና እየቀዱ ለቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች በመላካቸውና ዶክተር ሞና ሐና አቲሻ የሕፃናቱን የደም ምርመራ ውጤት ለአደባባይ በማብቃታቸው ነው። በፍሊንት የላቦራቶሪው መሣሪያ አልዋሸም። የዋሸው የትኛው ጠርሙስ ይቆጠር የሚለው ውሳኔ ነው።

ሀብታሞቹ ሀገሮች እንዲህ ከሆኑ እኛ የት ነን? በእኛ ዘንድ ሳይንሱ አልጎደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ ስላለው ፍሎራይድ ከ1970ዎቹ ዓመታት (ዓ.ም) ጀምሮ ጽፈዋል። የሀገራችን የመጠጥ ውኃ ደረጃ ለፍሎራይድ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆነ ውኃ የሚያፈልቁ ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ ሸንኮራ እርሻ ከጉድጓድ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ጥርሳቸው በልዟል፤ የአንዳንዶቹም አጥንት ደርቆ ጀርባቸው ጎብጧል። ጉድጓዱ ሲቆፈር ውኃ ወጣ ተብሎ እልል ተብሎ ይሆናል። በውኃው ውስጥ ያለውን ሊያሳይ የሚችለው ግን ላቦራቶሪ ብቻ ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ የሚያሳዝነው የአተት ታሪካችን ነው። በ1998፣ በ2001 እና በ2008 ዓ.ም ወረርሽኝ ሲከሰት ይፋዊው ስያሜ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ነበር። ይህ የበሽታ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ላቦራቶሪ የተፈጠረው ምልክትን ከስሙ ጋር ለማገናኘት ነው፤ የኮሌራን ተህዋሲ ለይቶ ማሳደግም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ዕውቀት ነው። በ2011 ዓ.ም ወረርሽኝ ሲነሣ የጤና ባለሥልጣናት ኮሌራ ነው ብለው በግልጽ ተናገሩ። ሰማይ አልተደፋም፤ ሕዝቡም ከተማ ጥሎ አልሸሸም። ታዲያ ያ ሁሉ ዘመን ስሙን መፍራት ምን አተረፈልን?

«ሕዝቡ ይደናገጣል» የሚለው መከራከሪያ በሌላም ማስረጃ ይወድቃል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2008 ዓ.ም በመላ ሀገሪቱ ባካሄደው የቤተሰብ ጥናት የመጠጥ ውኃ ምርመራንም አካትቶ ነበር። ኢ ኮላይ ያልተገኘበት ውኃ ከምንጩ የሚቀዱት ሰዎች ከአምስት አንዱን እንኳ እንደማይሞሉ አሳየ፤ ውጤቱም ታተመ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ተግባር ነው። ማንም አልተደናገጠም። የሚያሳስበኝ እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ የተደነገጠ አለመኖሩ።

ለምን አልደነገጥንም? እዚህ ላይ ወቀሳው ወደ እኛ፣ ማለትም ተማርን ወደምንለው የከተማ ሰዎች ይመጣል። በከተማችን ውኃ በፈረቃ ይመጣል። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወርዳል፤ በተሰነጠቀበት ቦታ በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ሊስብ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከማጣሪያ ጣቢያው ደጃፍ የተቀዳ ናሙና ንጹሕ መሆኑ በሦስተኛው ቀን ከቧንቧችን ስለሚወርደው ውኃ የሚመሰክረው ጥቂት ነው። ይህን እናውቃለን። ነገር ግን ጥያቄ ከማንሣት ይልቅ የታሸገ ውኃ ገዛን፤ በግቢያችን ሮቶ ተከልን፤ ማጣሪያ አስገጠምን። ድምፅ ያለው ክፍል ገንዘብ ከፍሎ ከችግሩ ወጣ፤ ድምፅ የሌለው ደግሞ ጀሪካኑን ይዞ ቦኖው ፊት ቀረ። የቧንቧ ውኃ የማይጠጣ ምሁር ስለ ቧንቧ ውኃ ቢጮህ ለራሱ ሳይሆን ለሌላ ነው፤ ለሌላ መጮህ ደግሞ ከዘመናችን ልማዶች አንዱ አይደለም።

በጥርጣሬ ላይ የቆመ ገበያ ለድርጅቶቹም አይበጅም። ውጤቱን ያልሰማ ሕዝብ ሁሉንም ውኃ ይጠራጠራል፤ ንጹሑንም ጭምር። በሐቅ የሚሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ድካማቸው በዝምታ የሚቀበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ያረጋግጣል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ ከውኃ አቅራቢያቸው የሚደርሳቸው የጥራት ሪፖርት እ.ኤ.አ በ1996 በተሻሻለ ሕግ የመጣ ነው። ብዙዎቹ ሳያነቡት ይጥሉት ይሆናል፤ ይሁንና የሚጥሉት ነገር አላቸው። ውድ አንባብያን፣ ባለፈው ወር ከሰፈራችሁ ቧንቧ የተቀዳው ናሙና ምን ውጤት እንዳሳየ ታውቃላችሁን?

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውኃውን የሚያቀርበው አካል ለራሱ ሥራ ቢመረምርም፣ ለሕዝብ የሚመሰክር ሌላ ነጻ ላቦራቶሪ ይኑር፤ ናሙናውም ከማጣሪያ ጣቢያው ብቻ ሳይሆን ከቦኖው፣ ከትምህርት ቤቱና ከመኖሪያ ቤቱ ቧንቧ፣ በተለይም ፈረቃው ተመልሶ በመጣበት ሰዓት ይቀዳ። ሁለተኛ፣ መጥፎ ውጤት ያገኘ ላቦራቶሪ በሰዓታት ውስጥ ለጤና ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደው፤ የሚያሳውቀውን ባለሙያም ከበቀል ይጠብቀው። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በየወሩ በየወረዳው ተለይቶ ይለጠፍ፤ ከውኃ ሒሳብ ደረሰኝ ጋርም ይምጣ። የኢ ኮላይ ቁጥር፣ የቀሪ ክሎሪን መጠን፣ ናሙናው የተቀዳበት ቦታና ቀን፤ አራት መስመር ይበቃል።

ይህ ሁሉ አዲስ ግድብ እንደመሥራት ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ንጹሕ ውኃ ለሁሉም ማዳረስ ዓመታትና ቢሊዮኖች ይፈልጋል፤ ይህን ማንም ይረዳል። ውኃው ንጹሕ ያልሆነባት እናት ግን ዛሬ ማታ አፍልታ ወይም ክሎሪን ጨምራ ለልጇ እንድትሰጥ የሚያስፈልጋት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር በመዝገብ ውስጥ ቆልፎ የሚያቆይ ሰው የድህነትን ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም። ውጤቱ የሚጠጣው ሰው ነው፤ ለባለቤቱ ይሰጠው።

ቸር ያሰማን።