ውሃው መቼ ሄደ?

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ሲያቆም ቁልቁለት ይመርጣል። ሁለተኛ፣ ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ ውሃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አይጠፋም። የመጀመሪያው የባትሪ ጉዳይ ነው፤ ለሌላ ሳምንት ይቆየን። ሁለተኛው ግን ወር ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኝ ሰነበተ።

የእኔዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ 40 ዓመት አልፏታል። ታህሳስ ላይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ውሃ መጠጣት ጀመረች። ሥሯን አየሁ፣ ደረቅ ነው። ማታ ካርቶን አነጠፍኩላት፤ ጠዋት ካርቶኑ እንደነበረ አገኘሁት። ውሃው ግን የለም።

የመጀመሪያው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ምንም ሳይነካ፣ «ቴስታታ ነው፤ ይውረድ» አለኝ። ሁለተኛው ውሃ ፓምፑን ጠረጠረ። ሦስተኛው ራዲያተሩን እንድቀይር መክሮኝ፣ ሶማሌ ተራ የሚሸጥ ሰው ስልክ ሊሰጠኝ ቸኮለ። ሦስቱም ሙያተኞች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን መኪናዋን ከአሥር ደቂቃ በላይ አላዩዋትም። በዚህ አገር ጋራዥ የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ ምርመራው ራሱ ዋጋ የለውም። ሒሳብ የሚጠየቀው ለተቀየረው ዕቃ ስለሆነ፣ ሁሉም ወደ መቀየሩ ይሮጣል።

ቴስታታው እንዳልሆነ ራሴም ማወቅ እችል ነበር። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል፤ ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ይንቦቀቦቃል፤ ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አያባራም። የእኔዋ ዘይቷ ንጹሕ፣ ጭሷም እንደ ዕድሜዋ ነው። ምንጣፉ ሥርም እጄን ሰድጄ ነበር፤ የማሞቂያው ራዲያተር ቢያፈስ የሚረጥበው እሱ ነውና። ደረቅ ነው።

በመጨረሻ ሰፈራችን ውስጥ ራዲያተር ሲበይዱ ያረጁ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። እሳቸው ዛሬም የሚያከብሩት የናሱን ራዲያተር ነው፤ ቢቀደድ ይበየዳላ። አሉሚኒየሙን፣ ላይና ታቹ ፕላስቲክ የሆነውን፣ «የሚጣል ዕቃ» ይሉታል።

«ጋሼ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ ጠፋኝ» አልኳቸው።

«የት ሄደ የሚለውን ተወው ልጄ። መቼ ነው የሚሄደው?»

መልስ አልነበረኝም። ሁልጊዜ የምሞላው ጠዋት ነው፤ ማታ ግን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁም።

«ምንድነው የምትሞላው?»

«የቧንቧ ውሃ።»

«ውሃ ይተንና ይጠፋል፤ ምስክር አይተውም። ኩላንት አድርግበትና ሳምንት ቆይተህ ና።»

እኔ ኩላንትን የብርድ አገር ሰዎች ዕቃ አድርጌ ነበር የማየው። እኛ ጋ ራዲያተር ውስጥ በረዶ አይጋገር። ለካ በረዶው ትንሹ ሥራው ነው። ተራ ውሃ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ኩላንት ውስጥ ያለው መድኃኒት ዝገቱን ይከላከላል፣ የመፍያውንም ነጥብ ከፍ ያደርጋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው፤ ኩላሊት ይገድላል። ልጅና ውሻ ባለበት ቤት በሃይላንድ ቀድቶ ማስቀመጥ ማለት አደጋ ደግሶ መጥራት ነው።

ይህ የመፍያ ነገር ደግሞ ለእኛ ከተማ ከብዙ ከተሞች ይበልጥ ያስፈልጋል። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት ደግሞ 82 ገደማ ሲደርስ ነው የሚከፈተው። በመካከል አሥር ዲግሪ ብቻ! ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ሾፌር አሥራ ስምንት አለው። ልዩነቱን የሚሞላልን የራዲያተሩ ክዳን ነው። አናቱ ላይ 0.9 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ ያን ያህል ግፊት ይዞ ውሃው እዚሁ ከተማ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ እንዳይፈላ ያደርጋል ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ግፊቱን ካስተነፈሰችው ግን ወደ 92 ተመለስን። እንጦጦ ዳገት ላይ ኮፈን ከፍተው የቆሙ መኪኖች ሁሉ ውሃ የጎደላቸው ይመስለን ነበር፤ ብዙዎቹ የጎደላቸው ግፊት ሳይሆን አይቀርም። (ክዳኑን ግን ትኩስ ሳለ እንዳትነኩት። ያ ሁሉ ታፍኖ የቆየ ግፊት ፊታችሁ ላይ ነው የሚወጣው።)

አረንጓዴ ኩላንት ሞላሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ከፍቼ አየሁ፤ ሙሉ ነው። ጠዋት አየሁ፤ ጎድሏል። ስለዚህ ስነዳት አትጠጣም፤ የምትጠጣው ስተኛ ነው። ሦስቱም መካኒኮች ያዩዋት ከሰዓት፣ ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ነበር። ከመካከላቸው አንዱማ ግፊት መለኪያ ፓምፕ ራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥሞ ነፍቶ፣ የጌጁ ቀስት ንቅንቅ ሳይል ሲቀር ተገርሞ ነበር።

በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ዘበኛው «ምነው ጋሼ፣ በሰላም?» አለኝ። ከሞተሩ ጀርባ፣ ወደ ማሞቂያው የሚገባው ጎማ ቱቦ ማሰሪያው ሥር፣ አረንጓዴ ጠብታ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ቱቦው ከዕድሜ ብዛት ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል። ሲሞቅ አብጦ ይገጥማል፣ በታህሳስ ብርድ ሲኮማተር ይለቃል። ጠብታው መሬት አይደርስም፤ ካምቢዮው አናት ላይ ካለው የዘይትና የአቧራ ቅልቅል ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ስነዳ ሙቀቱ ያደርቀዋል። አሁን ግን ቦታው ላይ አረንጓዴ ቅርፊት ጋግሯል፤ ሽማግሌው ያሉት ምስክር።

አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ተቀየረ። ቴስታታው አልወረደም። ለሁለት ሳምንት አንዲት ጠብታ አልጎደለም፤ እኔም ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም አወራሁ።

ትናንት ኮፈኑን ስከፍት ውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። ሽማግሌው ጋ ሄጄ ስነግራቸው አልተገረሙም።

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«መቼ ነው የሚያንጠባጥበው?»