የማሳው ነጥብ የት ይደር?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በበቅሎ ተጭኖ፣ በቡሬ አድርጎ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ዛሬ የአውሮፓ ገዢ ከጆንያው ጋር ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ቡናው የበቀለበትን መሬት ኬክሮስና ኬንትሮስ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያው ይለካል፤ ከዚያ ለሚያንሰው አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ቁጥሩ ግን ከአሥርዮሽ ነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ሊኖረው ይገባል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተገፍቷል፤ ማሳ ቆጠራው ግን ለማንም አይቀርለትም።

ነጥቡን የሚለቅመው በእግሩ የሚዞር መዝጋቢ ነው። ከመቱ ወጥቶ ወደ ሁሩሙና ያዮ ጫካ ሲገባ ደግሞ የሚሰማው የታወቀ ነው፦ «ኔትወርኪን ሂን ጂሩ»፣ ኔትወርክ የለም። እንግዲህ በቪው ወይም በሪአክት የተሠራ የመመዝገቢያ ድረ ገጽ አለ እንበል። ፕሮግረሲቭ ዌብ አፕ ይጨመርበት? ወይስ ተትቶ የአንድሮይድ አፕ ይሠራ? ሶፍትዌር በመሥራት የሚተዳደሩ ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ ተሟግተዋል።

ይጨመርበት

የመጀመሪያው ጸሐፊ የሚነሱት ከስልኩ ነው። የመዝጋቢው ስልክ ቴክኖ ወይም አይቴል ነው፤ ሜሞሪው በፎቶና በቴሌግራም ቪዲዮ ሞልቷል። አፕ አውርድ ሲባል «በቂ ቦታ የለም» ይላል። ባለቤቱም የልጁን የልደት ቪዲዮ ከማጥፋት አፑን መተው ይቀለዋል። ፕሮግረሲቭ ዌብ አፕ የሚይዘው ቦታ ግን ትንሽ ነው። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ላይት የተባለው የድረ ገጽ አፕ ከ1 ሜጋባይት በታች ነበር።

ሥራውም ቢሆን ያን ያህል አይከብድም፣ ይላሉ። ፍራንሲስ ቤሪማንና አሌክስ ራስል ስሙን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያወጡለት ሐሳቡ ቀላል ነበር። አንድ ማኒፌስት ፋይል ይጻፋል፤ የአፑ ስም፣ አይከንና መክፈቻ ገጽ እዚያ ውስጥ ይሰፍራል። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ይቀመጣል። ከዚያ ሰርቪስ ዎርከር የሚባል ስክሪፕት በገጹና በኔትወርኩ መካከል ይገባል፤ ገጹ የሚጠይቀውን ሁሉ እሱ ይቀበልና ኔትወርክ ከሌለ ቀድሞ ካስቀመጠው ካሽ አውጥቶ ይሰጣል። አንጉላር ከ6ኛው ቨርዥን ጀምሮ ይህን በአንድ ትእዛዝ ያስገባል፤ በቪት ለሚሠራ የቪው ፕሮጀክትም ዝግጁ ፕለጊን አለ። መዝጋቢው ጠዋት መቱ ከተማ ላይ አንድ ጊዜ ከከፈተው፣ ጫካ ውስጥ ዳታ ቢጠፋም ቅጹ ይከፈትለታል።

ቦታን ለማወቅ ደግሞ ዳታ አያስፈልግም፤ ጂፒኤስ የሚሠራው ከሳተላይት ጋር ነው። ጸሐፊው ሥዕሉን እንዲህ ያስቀምጡታል፦ ዋንዛና ሰሳ ያጠሉበት ቡና መሐል መዝጋቢው ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ የስሕተቱ መጠን 38 ሜትር ይላል፤ ቅጠሉ እንደተወዛወዘ 21፣ ቆይቶ 9። ያኔ «መዝግብ»ን ይጫናል። የአብዛኛው ገበሬ ማሳ ከ4 ሄክታር በታች ስለሆነ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ ዙሪያውን መከተል አይጠበቅበትም፤ ብራውዘር የማይችለው ደግሞ ያንን ነው። ያዮ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የቡና ደን ስለሆነ ነጥቡ የት ላይ እንዳረፈ ማወቁ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ማስረጃ ካስፈለገም ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 አለ፣ ይላሉ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራው ይህ የጤና መረጃ ሥርዓት አዳዲስ ገጾቹ የሚጻፉት በሪአክት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዳሽቦርዱን ያለ ኔትወርክ ብራውዘር ውስጥ ማየት ተችሏል። ብራሰልስ ቅጹን ብትለውጥ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ አንዴ ማስተካከል በቂ ነው፤ የማን ስልክ ላይ የትኛው ቨርዥን አለ እያሉ መጨነቅ አይኖርም።

ማየትና መጻፍ ለየቅል ናቸው

ሁለተኛዋ ጸሐፊ የሚጀምሩት ከዚያው ከዲኤችአይኤስ 2 ነው። ዳሽቦርድ የሚታይ ነገር ነው፤ ቢጠፋ ነገ ተመልሶ ከሰርቨር ይመጣል። ጫካ ውስጥ የተለቀመ ነጥብ ግን እስኪላክ ድረስ ከዚያ ስልክ በቀር የትም የለም። ለዚህም ነው ያው ዲኤችአይኤስ 2 በመስክ ለሚሞላ መረጃ የአንድሮይድ አፕ የሠራው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚመዘግቡበት የኢትዮጵያው ሥርዓትም በኮምኬር ላይ የታነጸ የአንድሮይድ አፕ ነው።

ቀጥለው የተቃዋሚያቸውን ስልክ መልሰው ያነሱባቸዋል። ሜሞሪው ሞልቷል አላሉም? ብራውዘር ያስቀመጠውን መረጃ ሳያስጠነቅቅ የሚጠርገው ስልኩ ሲሞላ ነው። «አትንካብኝ» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚወስነው ግን ራሱ ብራውዘሩ ነው። ከዚያ ውጭ ደግሞ የመዝጋቢው ወንድም ስልኩ ተንቀራፈፈ ብሎ የክሮምን ዳታ ሲያጸዳ አርባ ገበሬ አብሮ ይጠፋል።

መረጃው ስልኩ ላይ የሚያድረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያለው ማነው? ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የተመዘገበ ማሳ ሦስት ሳምንት ብራውዘር ውስጥ ይሰነብታል ማለት ነው።

ሌላው ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል የሚያሻግረው ዜንደር ነው። አገራችን ውስጥ አፕ የሚዳረሰው በፕሌይ ስቶር ብቻ አይደለም፤ አንዱ ያወርዳል፣ ለዘጠኙ ያለ ዳታ በዜንደር ያሻግራል። ድረ ገጽ እንዲህ አይሻገርም። አሥሩም ሰው በየስልኩ፣ በየፓኬጁ፣ ኔትወርክ ባለበት ቦታ መክፈት አለበት። ክርክሩ ሁሉ ውስጥ ይህን የሚያህል ጠንካራ ነጥብ የለም፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያቅድ ግን ጨርሶ አይታየውም።

በአንዴ ይስተካከላል የተባለውንም አይቀበሉም። አዲስ ሰርቪስ ዎርከር ካልታዘዘ በቀር አሮጌው የያዛቸው ገጾች ሁሉ እስኪዘጉ ይጠብቃል፤ ሰው ደግሞ ታብ አይዘጋም። የሪአክት ፕሮጀክት ማስጀመሪያው ክሪኤት ሪአክት አፕ ሰርቪስ ዎርከርን ለሁሉም በራሱ ያስገባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሁለተኛው ቨርዥን ግን ይህ ስላስቸገረ ለፈለገ ብቻ አደረገው።

(ሁለቱም ገበሬውን ረስተዋል። እሱ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ ክርክሩ ሁሉ አይመለከተውም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው 8028 የተባለው የስልክ መስመር ያለ ኢንተርኔት፣ በድምፅ፣ በአፋን ኦሮሞም ያናግረዋል።)

መልስ

የመጀመሪያው ጸሐፊ በዜንደሩ ነገር መሸነፋቸውን አልደበቁም። መረጃ ይጠፋል ለሚለው ግን መላ አላቸው፦ ስክሪኑ አናት ላይ «ያልተላከ፦ 14» የሚል ቁጥር ይቀመጥ፤ ሥሩ አንድ ቁልፍ ይኑር፤ ሲጫኑት አሥራ አራቱም ነጥብ በአንድ ፋይል ወደ ስልኩ ዳውንሎድ ይውረድ። ፋይል ከሆነ በብሉቱዝም በዜንደርም ይሄዳል፤ የክሮም ዳታ ቢጸዳም አይነካም።

ጸሐፊዋ ይህ አሳማኝ ነው አሉ። የቀራቸው ስለ ቁልፉ ነው። በኢሉባቦር ዝናብ የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው፤ ማምሻውን ሲያካፋ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ያዮ መንገድ የሚሮጠው መዝጋቢ መጀመሪያ ቆሞ ያንን ቁልፍ ይጫናል ወይ?